መጋረጃ ሰፊዋ በወንድሟ ስትቀና

ባለቤቴ ቀናተኛ ናት። ይህን ስላችሁ በእኔ የምትቀና እንዳይመስላችሁ፤ ኧረ ምን ቆርጧት! እኔ ሰው ቤት መሰላል ላይ ወጥቼ የቤቱ እመቤት ሻይ ስታቀብለኝ፣ በቀልዴ ስትስቅልኝ፣ ባለቤቴ ዞር ብላም አታይ። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ የመስኮቱን ወርድ ትለካለች። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ፣ «ሴት ባሏን እንዲህ ሜዳ ላይ ትጥላለች?» ብላት፣ ስፒሎቹን እንኳ ከአፏ ሳታወጣ፣ «ማን ያነሳሃል ብዬ ልስጋ?» አለችኝ።

የምትቀናው በታናሽ ወንድሟ ነው። ነገሩን የምነግራችሁ እሷን ለማማት አይደለም፤ እሷም ብትሆን ከጎኔ ተቀምጣ ጨርቅ እየቆረጠች ነው፤ ስሳሳት ታርመኛለች። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኔም ቀናተኛ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ ለዚያ ወንድሟ ያፈሰሰችውን እንባ ሩቡን ለእኔ ብታፈስልኝ ኖሮ ሞልቶልኝ ነበር።

ሥራችን መጋረጃ ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ግድግዳ በስቼ ብረቱን እሰቅላለሁ። መንገድ ዳር ያለችው ሱቃችን አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ግማሹን የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ሌላውን ግማሽ ጥቅል ጨርቅና ሁለት የስፌት መኪና ይዘውታል። ለእኔና ለመሰላሌ የተረፈችን በሩ ሥር ያለች ጥግ ናት። ባለቤቴ በሥራዋ አትታማም። የታችኛውን ጠርዝ ሳትሰፋ መጋረጃውን ትሰቅልና ለጥቂት ቀን ትተወዋለች፤ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ቸኩለህ ከሰፋኸው በኋላ መሬት ይጠርጋል ትላለች። ደንበኛ ቢጮህ፣ ቢቆጣ፣ ወይ ፍንክች። «ይረፍበት» ነው መልሷ። ለጨርቅ ያላትን ትዕግሥት ለሰው ብታደርገው የት በደረስን!

እናታቸው የሞተችው እሷ ገና ሕፃን ቢጤ ሳለች፣ እሱ ደግሞ ጡት ሳይጥል ነው። አባትየው ሥራ ሲውል ያዘለችው፣ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው እሷ ናት። «በዚች ጀርባዬ አዝዬ!» ትላለች ለመጣ ለሄደው፣ ጀርባዋን እየመታች። እኔ ለጋብቻ ስጠይቃት ያለችኝ የመጀመሪያ ነገር ምን መሰላችሁ? «ወንድሜን ይዤ ነው የምመጣው» ነው። ይዛው መጣች። ከእኛ ጋር አደገ። ወጥ ሲወጣ ሥጋው ለእሱ፣ መረቁ ለእኔ። እንዲህ ያለ ጥሎሽ ያገኘ ባል ካለ ይምጣና እንወያይ!

ልጁ ግን ልብ ይወስዳል፤ መቼም የሱን ወዝ መካድ አይቻልም። የቧንቧ ሠራተኛ ሆነ። ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ውኃው የት እንደሚያፈስ የሚያውቅ፣ እየሠራ የሚያዜም፣ አሮጊቶችን በሳቅ የሚገድል። ሰፈሩ ሁሉ «ቧንቧ» ነው የሚለው። መጀመሪያ በሥራው ነበር የወጣለት፤ ኋላ ግን ወደ ጉሮሮው የሚያወርደውን ያዩ ሰዎች ስሙን በሌላ ተረጎሙት። መጠጡን መቼ እንደጀመረ ልንገራችሁ ብል አላውቅም። ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ፍሳሽ ነው የሆነብን፤ እድፉ ሲወጣ ነው ያየነው። ከቤተ ክርስቲያን ቀረ፣ ቀጥሎ ከእኛ ቤት ወጥቶ ብቻውን ክፍል ተከራየ።

ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያናችን ረቡዕ ማታ ስለ ጠፉት የሚጸለየውን ጸሎት ትመራለች። ጉድ በሉ እንግዲህ፣ ስትጸልይ ብትሰሟት ድንጋይ ታስለቅሳለች። ተንበርክካ የተነሳችበት ቦታ እርጥብ ሆኖ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እንባዋ የውሸት አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ እንዳይጠረጥራት። ችግሩ ያ ያለቀሰችለት ሰው በአካል ሲመጣ ነው። ረቡዕ እናት የሆነችው ሴት ሐሙስ ፖሊስ ትሆናለች።

ምሳ ይጋበዛል። ገና ማንኪያውን ሳያነሳ፣ «ጠፍተሃል! አንተ ልጅ፣ ጠፍተሃል እኮ! ይታወቅሃል?» ትጀምራለች። ስለ ገሃነም፣ ስለ ጉበቱ፣ ስለ ሸሚዙ ኮሌታ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። እሱም፣ «እታለም፣ መጀመሪያ ልብላና ከዚያ ልጥፋ» ይላታል። እኔ ስስቅ እኔም ይደርሰኛል። ቀስ በቀስ መምጣቱን ተወ። አንድ ጊዜ አንድ ቤት መጋረጃ ልንሰቅል ገብተን፣ ለካ እሱ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቧንቧ እየቀየረ ኖሯል። ድምፅዋን ሲሰማ ከውስጥ ቆልፎ ቁጭ። እኛ ጨርሰን እስክንወጣ ዝር አላለም። የመሣሪያ ቦርሳውን በሩ ላይ ሳየው አወቅሁት፤ አፌን ያዝኩ። ባለቤቴ ግን መሰላሉን ተሸክሜ ስወጣ፣ «ይሄ ቧንቧ ሠሪ ደግሞ ምን ዓይነት ቀርፋፋ ነው!» አለች።

ባለ መወልወያዋ የመጣችው ያኔ ነው። አዲስ አማኝ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ድምፅዋ እንኳ በቅጡ የማይሰማ ሴት። ረቡዕ ጸሎት ልትገባ መጣች። ባለቤቴ እንደ ወጉ ተቀብላት ሥራዋን ጠየቀቻት።

«መጠጥ ቤት አጸዳለሁ» አለች።

አንዷ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ባለቤቴ ፈገግታዋን እንደያዘች፣ ግን ፈገግታው ቅርፊቱ ብቻ ቀርቶ፣ «ምነው እህቴ፣ ሌላ ሥራ ጠፋ?» አለቻት።

«ወለል ያው ወለል ነው እትዬ» አለች ልጅቷ፣ እና ከኋላ ሄዳ ተቀመጠች። ባለቤቴ ቤት ስንገባ፣ «ሰማሃት? ወለል ያው ወለል ነው ትላለች!» እያለች እስክንተኛ ስትበሳጭ አመሸች። ምኑ እንዳበሳጫት ግን ራሷም አላወቀችው።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ እሑድ ጠዋት፣ መዝሙሩ ተጀምሮ እያለ በሩ ተከፈተ። ባለ መወልወያዋ ልጆቿን ይዛ ገባች። ከኋላዋ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ቧንቧ! ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ አንዱን ልጅ በእጁ ይዞ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ከእነሱ ጋር ተቀመጠ። እኛን አላየንም። ልቤ በደስታ ቀጥ ልትል! ባለቤቴን በክርኔ ጎሸም አድርጌ ፊቷን ሳየው ደስታዬ እዚያው ከሰመ። ያ ፊት ስንት ዓመት የለመነችው ነገር የተሰጣት ሴት ፊት አልነበረም። ዐይኗ ያረፈው ወንድሟ ላይ ሳይሆን የዚያች ሴት ትከሻ ላይ ነበር። ከንፈሯ መዝሙሩን ይላል፣ ድምፅ ግን የለም።

ቤት እንደገባን ጫማዋን ወርውራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፍንድት ብላ አለቀሰች።

«ምነው? መጣልሽ እኮ! ደስ አይልሽም?»

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» ቁና ቁና ትተነፍሳለች። «ጌታ እኔን አጥቶ ነው? እኔን! ጉልበቴ እስኪላጥ የለመንኩት እኔ፣ በጀርባዬ ያዘልኩት እኔ! አሁን አንዲት ወለል ጠራጊ በመጥረጊያዋ ጠርጋ ታምጣው? እሷ ምኑ ናት? ማን ናት እሷ?»

«የመጣው ወደ ጌታ ነው ወይስ ወደ እሷ?» ልላት ነበር፤ ለነገ ሰላሜ ይሻላል ብዬ ዋጥኩት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በልቤ ትንሽ ደስ ብሎኛል። የቅናትን ጣዕም እሷም ትቅመሰው አልኩ። እኔ ለስንት ዓመት የዋጥኩትን!

በቀጣዩ እሑድ አላስቻላትም። ከጉባኤ በኋላ ባለ መወልወያዋን ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ ጎን ያዘቻት። እኔም እጄን የምታጠብ መስዬ ቀረብኩ።

«ወንድሜን ምን ብለሽው ነው?» አለቻት። ጥያቄው ሲሰማ የምሥጋና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን እሳት አለ።

«ምንም እትዬ።»

«ምንም ብለሽውማ አይመጣም።»

ልጅቷ አሰበች። «ጠዋት ጠዋት ሳጸዳ ወንበሩ ላይ እንደተኛ አገኘዋለሁ። እግርህን አንሳ እለዋለሁ፣ ያነሳል። በቃ ይኸው ነበር። አንድ ሰሞን ቀረ። ወለሉን ስወለውል እየጸለይኩ ስለሆነ የማየውን ሰው ሁሉ እጠራለሁ፤ እሱ ሲቀር ቦታው ባዶ ሆነብኝ። ለካ ታሞ ተኝቶ ኖሯል። ተመልሶ ሲመጣ፣ ‹ምነው፣ ጠፋህብን! ሰግቼ ነበር› አልኩት። ከዚያ እሱ፣ ‹ማን? አንቺ? በእኔ?› ብሎ ሳቀ። ‹ለማን ብለሽ ነው የምትሰጊው?› አለኝ። ለማንም ብዬ አይደለም አልኩት። በሌላው ጊዜ እሑድ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው እትዬ።»

ቤት ደርሰን በሩን ስከፍት ባለቤቴ ፈነዳች። «ጠፋህብን! እኔስ ምን ነበር የምለው? ጠፍተሃል፣ ጠፍተሃል እያልኩ አይደል ምላሴ የተላጠው? እኔ ስናገረው ጆሮው ተደፍኖ፣ እሷ ስትለው ተከፈተ?»

እዚህ ላይ ነው ምላሴን መንከስ የነበረብኝ፤ ግን ማን ይነክሳል። «ልዩነቱ ‹ብን› ናት» አልኳት። «አንቺ ጠፍተሃል ስትይው ጥፋቱን አሸክመሽው ትሄጃለሽ። እሷ ጠፋህብን ስትለው ኪሳራው የእሷ ሆነ።»

አየችኝ። ሜትሯን ከአንገቷ አወለቀች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ሰሞን ሸሚዜን ራሴ ተኮስኩ፣ ምሳዬን ራሴ አሞቅሁ። ለሰዋስው ትምህርት የተከፈለኝ ይህ ነው።

ቅናት ደግሞ አንዴ ከገባ ዐይን ያወጣል። ቧንቧ መጠጥ ትቷል፤ ሥራው ተመልሷል። የባለ መወልወያዋን ሸክም ሲያግዛት ባለቤቴ አየች። ልጆቿን ሲያስቃቸው አየች። ሰላም ሊለን ሲመጣ እንኳ ትንሽ ተቀምጦ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ «ልሂድ» ይላል። ጭራሽ ደግሞ አንዲት ደንበኛ፣ «ወንድምሽ እኮ ተባረከ! ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት መጠጥ ቤቱ ሄዶ ለዚያች ሴት ወንበር ያነሳላታል። ወንበሮቹ መካከል ቆመው አጭር ጸሎት ይጸልያሉ አሉ» አለቻት። ባለቤቴ በዚያች ቅጽበት የያዘችውን ጨርቅ አጣማ ቆረጠች። እሷ! ጨርቅ አጣማ!

«ከእኔ ጋር አንድ ቀን ጸልዮ አያውቅም» አለችኝ ሴትየዋ ከወጣች በኋላ። ድምፅዋ ሰልሏል። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላችው። አጠገቧ ብቀመጥ ግን አልቅሳ ይወጣላት ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ወዲያው ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች። «ሽማግሌዎቹን ላነጋግር ነው። አንዲት የጸሎት አባል መጠጥ ቤት እየሠራች፣ ገና ያልጸና ሰው ደግሞ እዚያው እየጎተተች፣ ይሄ ለጌታ ስም ምን ይሆናል?»

«ተይ» አልኳት። «የጌታ ስም አይደለም ያቃጠለሽ። ተይ፣ እባክሽ።»

አልሰማችኝም። ሄደች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ያከብሯታል፤ ደግሞም የተናገረችው ሁሉ ከላይ ሲታይ ትክክል ነው። ነገሩን የሚያበላሸው ይህ ነው፣ ትክክል የሆነ ነገር ለቅናት ሲሠራ። ባለ መወልወያዋን ጠርተው ወይ ሥራውን ወይ የጸሎት ቡድኑን ምረጪ አሏት። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ ሥራውን ተወች። ከከተማው ወዲያ ማዶ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች። በጠዋት በአውቶቡስ ሄዳ ሲመሽ ነው የምትመለሰው። ረቡዕ ጸሎት የምትደርሰው እንቅልፍ እያዳፋት ነው። ባለቤቴም አንድ ሳምንት ያህል ቀለል አላት፣ እንዲያውም አንጎራጎረች።

ቧንቧ ጠዋት ወንበር ሊያነሳ ሄደ፤ ሰው የለም። በነጋታው ሄደ፤ የለችም። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ወንበሩን ራሱ አውርዶ፣ «ምን ልቅዳልህ?» አለው። ቀዳለት።

እኛ የሰማነው ዘግይተን ነው፤ የሰማነው ደግሞ በመጋረጃ ነው። አንዲት የቆየች ደንበኛችን ትልቅ ፌስታል ተሸክማ ገባች። ስትፈታው ባለቤቴ ራሷ የሰፋችው የሳሎን መጋረጃ ነው፤ ግማሹ በጭቃ ውኃ ርሶ፣ ቀለሙ ተላልፎ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ። «ወንድምሽን ቧንቧ እንዲሠራልኝ ጠርቼው ነበር» አለች ሴትየዋ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ጠጥቶ ኖሯል። ቧንቧውን ከፍቶ ጥሎት ሄደ። ቤቴ ገንዳ ሆነ። መውጫው ላይ ደግሞ ደረጃ ላይ ወድቆ ግንባሩን ፈነከተው፤ አንሺው ብለው ጎረቤቶቼ ነገሩኝ፤ እኔ ሳልደርስ ተነስቶ ሄዷል።»

ሴትየዋ ስትወጣ ባለቤቴ መጋረጃውን አነሳችው፤ ውኃው ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ መልሼ መጠጡ ውስጥ የጨመርኩት።» አይደለሽም ልላት ፈለግሁ። አልቻልኩም፤ እሷ ናታ!

በማግስቱ ጠዋት ወደዚያ መጠጥ ቤት ሄድን። መጠጥ ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት፤ ብቻዋን አትሄድም ብዬ ተከተልኳት። መስኮቶቹ ተከፍተው ብርድ ይገባል፣ ወለሉ ይጣበቃል፣ የትናንቱ ብርጭቆ አልተነሳም። ጥግ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ፣ ግንባሩን በጨርቅ አስሮ፣ ቧንቧ ተኝቷል። ባለቤቴ ወደ እሱ ልትሄድ አንድ እርምጃ ስትራመድ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለ። ወፍራም፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ነው።

«ለጽዳቱ ነው?» አላት። «በመጨረሻ ሰው ተገኘ! ባልዲው እዚያ ነው፣ ከጥጉ ጀምሪ።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ በዐይኗ ዘጋችው። ከዚያ፣ ይህቺ ለማንም ደንበኛ ጎንበስ የማትል፣ ሠርግ ቤት እንኳ ሄዳ የማትታዘዝ ሴት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መወልወያውን አነሳች። ውኃውን ሳትጨምቅ ነው የምትወለውለው፤ ወለሉ ሐይቅ ሆነ። እየወለወለች፣ እየወለወለች ጠረጴዛው ጋ ደረሰች።

«እግርህን አንሳ» አለች።

ሳያይ አነሳ። ከዚያ ድምፁ ገባውና ቀና አለ። ዐይኑ ቀልቷል፣ ግንባሩ አብጧል። ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ከደነ። «መጣ» አለ። «ስብከቱ መጣ። በይ እታለም፣ ቶሎ ጨርሺልኝ።»

መወልወያውን ተደግፋ ቆመች።

እሱ ጆሮውን ለቀቀ። በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከእሷ ኋላ ያለውን ባዶ ቤት አየ። «እሷስ?» አላት። «የት ሄደች እሷ?»

የባለቤቴ አንገት ላይ ያለችው ሥር ስትነሳ አየሁ። እንደዚያ ተዋርዳ፣ በባዶ ሆዷ የሰው ወለል እየወለወለች፣ የሚጠይቃት ያችኑ ሴት! እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ባልዲውን እላዩ ላይ ደፍቼ እወጣ ነበር።

«እኔ ነኝ ያስወጣኋት» አለች። «ለሽማግሌዎቹ ሄጄ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስለ ጌታ ስም አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«በማን ልቀና ኖሯል? በአንተ ነዋ! እሷን ተከትለህ ስትመጣ ማየት አቃተኝ። ከእሷ ጋር ስትስቅ አቃተኝ። ከጠፋህ በራሴ እጅ ላገኝህ ነበር የፈለግሁት፤ እኔ ካላገኘሁህ...» ቃሉ አልወጣላትም። «እኔ ካላገኘሁህ ማንም አያግኝህ ነበር ልቤ የሚለው። ይኸው ነው። አሁን የፈለግከውን በለኝ።»

ቧንቧ ራሱን አየ። ሱሪው ላይ ያለውን እድፍ፣ የሚንቀጠቀጡ እጆቹን፣ በየተራ።

«በእኔ?» አለ። «እታለም፣ በእኔ ቀንተሽ?» ሊስቅ ጀመረ፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። «እኔ እኮ የምታፍሪብኝ ነበር የሚመስለኝ።»

«አፍሬብህም አውቃለሁ» አለች። ይህቺ ሴት ከጀመረች አታስቀርም።

ያኔ አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ፊቱን እጅጌው ውስጥ ቀብሮ። እሷ እጇ እርጥብ ስለሆነ ልትነካው ፈራች፤ ቆማ አየችው። ከመደርደሪያው ኋላ፣ «ሴትዮ፣ ልትሠሪ ነው ወይስ ልታለቅሱብኝ?» የሚል ድምፅ መጣ። እኔ ሄጄ፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ ለሥራ አልነበረም የመጣነው» ብዬ አስረዳሁ። ሰውየው ሐይቅ የሆነውን ወለሉን እያየ፣ «እኔም ጠርጥሬያለሁ» አለ።

ከዚያ ሦስታችንም ወደ ባለ መወልወያዋ ቤት ሄድን። ማንም እንሂድ አላለም፤ እሱ ወጣ፣ እኛ ተከተልነው። አንዲት ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ ላይ የልጆች ልብስ የተሰቀለባት። አውቶቡስ እንዳያመልጣት ጫማዋን እያሰረች አገኘናት። ባለቤቴ ከደጃፉ አላለፈችም። ወንድሟ እየሰማ፣ ጎረቤት በር ላይ ያሉ ሴቶች እየሰሙ፣ ያችኑ ነገር ደገመችው። ሥራሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ፣ ቀንቼብሽ ነው፣ በድዬሻለሁ አለች።

ልጅቷ ጫማዋን አስራ ጨረሰች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ የጠበቅሁት የዋህነት አልነበረም። ተቆጥታለች። አንድ ጊዜም ስትቆጣ አይቻት ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«ልጆቼን ተኝተው ትቼ ነው የምወጣው» አለች። «ተኝተው ነው የማገኛቸው።»

«አውቃለሁ» አለች ባለቤቴ።

«አያውቁም እትዬ። አሁን ነው የሚያውቁት።» ወደ ቧንቧ ዞረች። «አንተስ? ጠጥተሃል?»

«ጠጥቻለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሁለቱንም አየቻቸው፤ አንድ በአንድ፣ ረጅም ጊዜ። «እሳቸው ቀንተዋል፣ አንተ ጠጥተሃል» አለች። «ግቡ። ሁለታችሁም ግቡ። ዳቦና ሻይ አለ። በሩን ዝጉልኝ፣ ብርዱ ልጆቹን ያስነሳብኛል።»

ገቡ። ባለቤቴና ወንድሟ አንዲት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ጥፋት ሠርተው እንደተያዙ ልጆች ትከሻቸውን ሰብረው። እኔ ቦታ ስላልነበረ ቆሜ ጠጣሁ። ባለቤቴ ዳቦውን በእጇ ይዛ፣ ሳትቆርስ፣ «ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ» አለች። «ለእነሱም፣ ለረቡዕ ጸሎት ሰዎችም። ሥራሽ እንዲመለስ...»

«ነገ አይደለም እትዬ» አለች ልጅቷ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያጠለቀች። «ዛሬ ነው የሚሄዱት። ይቅር ለማለት እየጸለይኩበት እቆያለሁ፤ ገና አልወጣልኝም። እርስዎ ግን ዛሬ ይሂዱ።»

ወጥታ ሄደች። እቤቷ ውስጥ ትታን፣ ከተኙት ልጆቿ ጋር።

ባለቤቴ ዳቦውን አስቀመጠች። መቼም ሰው ፊት ቆማ መናገር ብርቋ አይደለም፤ ስንት ዓመት ስትመራ የኖረች ናት። ያን ጠዋት ግን ከዚያች አግዳሚ መነሳት አቃታት። ሽማግሌዎቹ ምን ይሏታል፣ ሴቶቹ እንዴት ያዩዋታል፣ ሁሉም ፊቷ ላይ ሲያልፍ ይታያል። እኔ ምን ልበል? አብሬሽ አለሁ ልላት ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደመኝ።

«እታለም» አለ ቧንቧ፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጨርቅ እያስተካከለ። «አብሬሽ ልምጣ?»

ዞራ አየችው። ፊቱ አልታጠበም፣ ጢሙ አልተላጨም፣ ትንፋሹ ገና ትናንትን ይሸታል። እንደዚህ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳያሳፍራት፣ ታጠብ፣ ሸሚዝ ቀይር፣ አፍህን ተጉመጥመጥ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ና» አለችው። «ብቻዬን እፈራለሁ።»

ክንዱን ይዛ ተነሳች።